የ1993 ጎልድዊንግ፦ መሪው ይርገበገባል፣ ፎርቸላውም ዘይት ያንጠባጥባል

አሌክሳንድሪያ93 (ቨርጂንያ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሚያዝያ ላይ አንድ የ1993 (እ.ኤ.አ.) ሆንዳ ጎልድዊንግ ሞተር ሳይክል ገዛሁ። ጂኤል1500 ነው፤ 1520 ሲሲ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ሦስቱ በቀኝ ሦስቱ በግራ የተጋደሙ። የሸጡልኝ ሰው በዕድሜ የገፉ ናቸው። ለስድስት ዓመት ከጋራዥ አላወጡትም። ካርቡሬተሮቹን አጸዳሁ። የታይሚንግ ቺንጊያዎቹንና ባትሪውን ቀየርኩ። ሞተሩ አሁን ድምፁ ደስ ይላል።

እንቅልፍ የነሳኝ የፊት ክፍሉ ነው። ነዳጅ ለቅቄ ፍጥነቱ ከ45 ማይል በታች መውረድ ሲጀምር፣ መሪውን ላላ አድርጌ ከያዝኩት ቀኝ ግራ ይርገበገባል። ጠበቅ ሳደርገው ይተዋል። የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ ከሚይዙት ከፎርቸላው ሁለት እግሮች ደግሞ የግራው ዘይት ያንጠባጥባል። ጠዋት ጠዋት ክሮሙ ላይ የዘይት ቀለበት ሠርቶ አገኘዋለሁ። ሌላው፣ የቀኙ እጀታ (የነዳጅ መስጫው) ጎማ ከሥሩ ለቅቆ በእጄ ይዞራል። ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ መዳፎቼ ይደነዝዛሉ።

አንድ ጋራዥ ወስጄው ነበር። «የፊት ጎማህ ነው፣ ቀይረው» አሉኝ። ቀየርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ስመለስ ለእጅ ሥራ ብቻ ሞተሩን ከገዛሁበት ዋጋ ግማሽ የሚጠጋ ጠየቁኝ። ስለዚህ ራሴ ልሠራው ቆርጫለሁ። መፍቻ መያዝ አያቅተኝም። ፎርቸላ ግን ፈትቼ አላውቅም።

ጥቅምት ላይ፣ ቅጠሉ ሲቀላ፣ ባለቤቴን ከኋላ ጭኜ ስካይላይን ድራይቭን ላሳያት ቃል ገብቻለሁ። ከፍሮንት ሮያል እስከ ሮክፊሽ ጋፕ 105 ማይል ነው። ተራራው ላይ የፍጥነት ገደቡ 35 ማይል ስለሆነ ቀስ ተብሎ ነው የሚነዳው። እዚያ እስክንደርስ ግን 66 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ ከጭነት መኪና ጋር መጋፋት አለ። በዚህ መሪ እሷን አልጭንም። ከየት ልጀምር?

የሶማሌተራ_ልጅ (አዲስ አበባ)

ወንድሜ እንኳን ደህና መጣህ። ለጊዜው ምንም ዕቃ እንዳትገዛ። መጀመሪያ በእጅህ ጠይቀው።

መሃል ማቆሚያው ላይ አቁመው። ከሞተሩ ሥር ጣውላ አድርገህ በክሪክ ትንሽ አንሳው፤ የፊት ጎማው ከመሬት ይልቀቅ። ከ350 ኪሎ በላይ ስለሆነ ብቻህን አትሞክረው። አንድ ሰው ከኋላ ይያዝልህ።

አሁን መሪውን በሁለት ጣት ብቻ ይዘህ ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ ብለህ አዙረው። ዓይንህን ብትጨፍን ይሻላል፤ ጣትህ በደንብ ይሰማዋል። ጎማው ቀጥ በሚልበት መሃል ቦታ ላይ «ቀጭ» ብሎ የሚቀመጥ ከሆነ የአንገቱ፣ ማለት መሪው የሚዞርበት ቦታ፣ ኩሽኔታ አልቆለታል።

ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ተንበርከክ። የፎርቸላውን ሁለት እግሮች ከታች፣ አክስሉ አጠገብ ይዘህ ወደ ራስህ ሳብ፣ መልሰህ ግፋ። «ኳ» ካለ ወይ ኩሽኔታው ላልቷል፣ ወይ ፎርቸላው ውስጥ ያሉት ቡሺንጎች (ቱቦው የሚንሸራተትባቸው ቀለበቶች) አልቀዋል። ለመለየት ሌላ ሰው ይሳብልህና አንተ ጣትህን በመሪው አንገትና በታችኛው ማቀፊያ (ሁለቱን እግሮች አቅፎ የሚይዘው ብረት) መገናኛ ላይ አድርግ። ንቅናቄው እዚያ ከተሰማህ ኩሽኔታው ነው። እዚያ ጸጥ ካለና ታች ብቻ ከተንቀሳቀሰ ቡሺንጉ ነው።

ውጤቱን ጻፍልን።

ፍራንክፈርት_ቦክሰር

አደራ፣ መርገብገቡን ለመፈተን ብለህ ሁለት እጅህን እንዳትለቅ። ሲጀምር ትንሽ ነው፤ ሲያድግ ግን እጅህን የምትመልስበት ጊዜ አይሰጥህም።

እኔ የምነዳው የድሮ ቢኤምደብልዩ አር80አርቲ ነው። እዚህ በየሁለት ዓመቱ ቲዩፍ የሚሉት ምርመራ አለ። መርማሪው የፊት ጎማውን አስነስቶ መሪውን ያዞራል፣ ፎርቸላው ላይ የዘይት ዱካ ይፈልጋል። ዘይት እያንጠባጠበ አያሳልፉህም፤ ደግሞም ልክ ናቸው።

አሌክሳንድሪያ93

ዛሬ ሞከርኩት። ባለቤቴ ከኋላ ሻንጣው ላይ ተደግፋ ያዘችልኝ። በሁለት ጣት ሳዞረው ልክ መሃል ላይ ቀጭ ብሎ ገባ። ከዚያ ለማውጣት ትንሽ መግፋት ይፈልጋል። ምንም ሳልነግራት እሷንም አስሞከርኳት። «እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ» አለችኝ።

ፊትና ኋላ ስስበው ግን ኳ የሚል ነገር የለም። ኩሽኔታውን ትንሽ ባጠብቀው ለጊዜው አይሻልም?

የሶማሌተራ_ልጅ

እንዳታጠብቀው!

የአንተ ሞተር ከፋብሪካ የወጣው በባለ ኳስ ኩሽኔታ ነው። ሞተር ሳይክል ዕድሜውን ከሞላ ጎደል የሚጨርሰው ቀጥ ብሎ በመሄድ ነው። ስለዚህ ኳሶቹ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ ተቀምጠው የመንገዱን ምት ይቀበላሉ። ስድስት ዓመት ቆሞ ግሪሱ እንደ ሰም ሲደርቅ ብረት ከብረት ይገናኛል። እያንዳንዷ ኳስ ቀለበቱ ላይ የራሷን ጎድጓዳ ትቆፍራለች። አንተ መሃል ላይ የሰማኸው ያንን ነው።

ስታጠብቀው ኳሶቹን ወደ ጎድጓዳው ይበልጥ ትጫናቸዋለህ። መርገብገቡ ሊጠፋልህ ይችላል፤ በእሱ ፈንታ ሌላ ነገር ይመጣል። ሞተር ሳይክል ሚዛኑን የሚጠብቀው መሪው ሳታውቀው በትንሽ በትንሹ እየተስተካከለ ነው። አንገቱ ከታነቀ ያንን ማድረግ አይችልም። በዝግታ ስትነዳው እንደ ሰካራም ያንገዳግድሃል።

መድኃኒቱ መቀየር ነው። ለእነዚህ ሞተሮች በሾጣጣ ሮለር የተሠራ መተኪያ በገበያ አለ። ሮለር ሸክሙን በመስመር ነው የሚሸከመው፤ እንደ ኳስ በነጥብ አይደለም። የጀርመኑ ወንድማችን ቢኤምደብልዩ ከፋብሪካው ጀምሮ በእሱ ነው የመጣው።

ደግሞ ፎርቸላውን ለኩሽኔታው ስትል ማውጣትህ አይቀርም። ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ ጨርሰው።

አቡዳቢ_ነፋስ

ኦይል ሲል (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደውን የጎማ ቀለበት) ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር ሞክር። እኛ ጋ አቧራና አሸዋ ስለሚበዛ ይህ ነገር በየጊዜው ይገጥመናል። ብዙ ጊዜ ሲሉ አልተቀደደም፤ ከንፈሩ ሥር አሸዋ ገብቶበት ነው።

የላይኛውን የአቧራ መከላከያ ጎማ በጥንቃቄ ወደ ላይ ግፋው። የድሮ የፎቶ ፊልም ካለህ ቆርጠህ ጫፉን እንደ መንጠቆ አድርገው። በሲሉና በክሮሙ መካከል አስገብተህ ዙሪያውን አዙረውና ሳበው። የሚወጣውን ጥቁር ጭቃ ስታይ ትገረማለህ። ከዚያ ጠርገህ ፎርቸላውን ደጋግመህ ተጫነው። ደርቆ ከቀረ ገንዘብህ ተረፈ።

ጋሽ_አስፔንኬድ (ሜሪላንድ)

ልጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። የአቡዳቢው ልጅ ያለው ትክክል ነው። በዚህ ሞተር ላይ ግን ሲሉ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሊሆነው ይችላል፤ ስድስቱን ዓመት ደግሞ ቆሞ ደርቋል። ፎርቸላው ለኩሽኔታው ከወጣ አሮጌ ሲል መልሶ መግጠም ድካም ማባከን ነው። ሁለቱንም እግር ቀይር።

እኔ የያዝኩት የ1982 ጂኤል1100 አስፔንኬድ ነው። ፎርቸላውን በእጄ አራት ጊዜ ፈትቻለሁ። የመጀመሪያው ጊዜ ዓይኔን ሊያጠፋው ስለነበር ከዚያ ልጀምር።

የፎርቸላው ክዳን ከሥሩ የታመቀ ሞላ አለ። የመጨረሻው ጥርስ ሲለቅ ክዳኑ ይወነጨፋል። መነጽር አድርግ። ፊትህን ከላዩ ላይ አታድርግ። በአንድ እጅህ ወደታች ተጭነህ በሌላው ፍታው። እንደኔ ሞተር በአየር የሚታገዝ ፎርቸላ ያላችሁ ደግሞ መጀመሪያ አየሩን አስወጡ። ስትሞሉም በእጅ ፓምፕ ብቻ ሙሉ። ውስጡ ያለው ቦታ ትንሽ ነው፤ የጋራዥ ኮምፕረሰር በአንድ ትንፋሽ ሲሉን ያፈነዳዋል። ጂኤል1500 ከፊት አየር ስለሌለው አንተን ይህ አይመለከትህም።

ክዳኑን ማላላት ያለብህ እግሩ ገና ማቀፊያው ላይ እያለ ነው። የላይኛውን ማቀፊያ ብሎን አላላ፣ የታችኛው እንደጠበቀ ይሁን፣ ከዚያ ክዳኑን ሩብ ዙር ብቻ አላላው። እግሩ ከወጣ በኋላ የሚይዝልህ ነገር አታገኝም።

ሁለቱን እግሮች በተለያየ ቀን ፍታ። ወይም በሁለት የተለያየ ሳህን አስቀምጥ። የውስጥ ዕቃቸውን ማቀላቀል የለብህም። የዘይቱንም መጠን ለየእግሩ ለየብቻ ከፋብሪካው መመሪያ አንብብ።

ዘይቱን ስታፈስ ሽታው ይዘገንንሃል። የአሳ ሽታ አለው። ግራጫ ሆኖ፣ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ተቀላቅሎበት ታየዋለህ። ያ ብልጭታ የቡሺንጉ ብረት ነው። ስለዚህ ቡሺንጎቹን ወደ ብርሃን አውጥተህ ተመልከታቸው። ላያቸው በጥቁር ግራጫ ቴፍሎን የተለበጠ ነው። ሥሩ መዳብ ነው። የሆንዳ መመሪያ የሚለው፣ መዳቡ ከሦስት አራተኛ በላይ ከታየ ይቀየር ነው። እኔ ግማሹ ከታየ እቀይራለሁ። ሁሉም ነገር ተፈትቶ እጅህ ላይ ነው ያለው፤ ዋጋውም ያን ያህል አይደለም።

ክሮሙን ደግሞ በጥፍርህ ዳስሰው። ሲሉ የሚመላለስበት ቦታ ላይ ጥፍርህን የሚይዝ ጭረት ወይም ዝገት ካለ አዲሱን ሲል በአንድ ወር ይበላዋል። ትንሽ ከሆነ በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ዘይት ነክረህ ጫፉን ብቻ አለስልሰው። ዙሪያውን እንጂ ወደላይ ወደታች እንዳትፈገፍገው።

አዲሱን ሲል ስታስገባ የቱቦውን ጫፍ በቀጭን ፌስታል ሸፍን፤ ፌስታሉን በፎርቸላ ዘይት ቀባው። የቱቦው ጫፍ ስለታም ስለሆነ የሲሉን ከንፈር ይቆርጠዋል። እኔ የሁለተኛውን ጊዜ ሥራ ያበላሸሁት እንዲህ ነበር። ለመምታት ከቧንቧ ዕቃ ሱቅ የፕላስቲክ ቱቦ ግዛ። አሮጌውን ሲል ከላይ አድርገህ በእሱ ላይ ምታ። ማቆሚያ ቀለበቱ የሚገባበት ጎድጎድ ሙሉ በሙሉ ሲታይህ ደርሷል።

አሌክሳንድሪያ93

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አትመው ጋራዤ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ስለ ዘይቱ አንድ ጥያቄ አለኝ። አንዱ ሰው «ኤቲኤፍ፣ የአውቶማቲክ ማርሽ ሳጥን ዘይት፣ አድርግበት» ይለኛል፣ ሌላው «በጭራሽ» ይላል።

የሶማሌተራ_ልጅ

እኛ ጋ ኤቲኤፍ ነው የምንጠቀመው። የፎርቸላ ዘይት ተብሎ የታሸገ ብዙም አይገኝም። ያማሃ ዲቲ በኤቲኤፍ ዓመታት ሲሠራ አይቻለሁ። የድሮ ሆንዳ መመሪያዎችም ራሳቸው ኤቲኤፍ ይላሉ። ያልተገኘበት ቦታ ላይ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ጋሽ_አስፔንኬድ

ልክ ነው፣ የእኔም መመሪያ ኤቲኤፍ ነው የሚለው። ነገር ግን እሱ ያለው አሜሪካ ነው፤ የፎርቸላ ዘይት እንደ ልብ ነው። 10 ቁጥር ይግዛ። ከሁለቱ እግሮች ለአንዱ ከአንድ ብራንድ ለሌላው ከሌላ ብራንድ እንዳትገዛ ብቻ። የአንዱ ፋብሪካ 10 እና የሌላው 10 ውፍረታቸው እኩል አይደለም።

ስትሞላ ደግሞ አትቸኩል። ቱቦውን ቀስ ብለህ ወደላይ ወደታች አድርገው፤ አየሩ እየቦገቦገ ይወጣል። አሥር ደቂቃ ትተኸው ተመለስ። የዘይቱን ከፍታ የምትለካው አየሩ ከወጣ በኋላ ነው።

አሌክሳንድሪያ93

ተቸግሬ ነው የምጽፈው። የቀኙ እግር ወጥቷል፣ ዘይቱም ጋሼ እንዳሉት ነው፣ ሽታው ሳይቀር። አሁን ከታች ያለውን ብሎን ልፈታ ስል ከውስጥ ካለው ዘንግ ጋር አብሮ ይዞራል። አንድ ሰዓት ታገልኩት።

ፍራንክፈርት_ቦክሰር

ሞላውንና ክዳኑን መልሰህ ግጠም። ቱቦውን ወደታች ተጭነህ ሞላውን አምቀው፤ ሞላው ዘንጉን ይይዝልሃል። ከዚያ በባትሪ የሚሠራ መምቻ መፍቻ ካለህ አንዴ ብቻ «ጠርርር» አድርገው። ይለቃል። ስትመልሰው ከሥሩ ያለችውን የመዳብ ሮንዴላ አዲስ አድርግ፤ አለበለዚያ ከዚያ በኩል ያፈስብሃል።

አሌክሳንድሪያ93

በአንድ ጠርርር ለቀቀ! እድሜ ይስጥህ።

የግራውም ወጣ። የግራው ቡሺንግ መዳቡ ከግማሽ በላይ ታይቷል፤ አራቱንም አዝዣለሁ። ሌላ ያላሰብኩት ነገርም አገኘሁ። ከግራው እግር የወረደው ዘይት የፍሬን ሸራው ላይ ደርሷል። አንዱ ጠርዙ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። በፍሬን ማጽጃ ባጸዳው ይበቃል?

የሶማሌተራ_ልጅ

አይበቃም። ዲስኩን አጽዳው፣ ሸራዎቹን ግን ጣላቸው። ሸራ ዘይት ከጠጣ ሲሞቅ መልሶ ይተፋዋል።

ይህን አጥብቄ የምልህ ያየሁት ነገር ስላለ ነው። ከውጭ በድሮ ሞተር የመጣ አንድ ተጓዥ ነበር፤ ከነሙሉ ሻንጣው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ቁልቁለቱን ሲወርድ የፎርቸላው ዘይት ዲስኩ ላይ ፈሶ የፊት ፍሬኑ እምቢ አለው። በኋላ ፍሬንና በማርሽ እየያዘ ጥግ ላይ አቆመው። ስደርስ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፎርቸላው ለሳምንት ሲያንጠባጥብ አይቶት ነበር። «ደርሼ እሠራዋለሁ» ብሎ ነው የወጣው።

ለአዲስ አበባ ሰዎች፦ ሲል ስትፈልጉ የሞተሩን ስም ብቻ ይዛችሁ ሱቅ ለሱቅ አትዙሩ። አሮጌው ሲል ላይ ሦስት ቁጥር ተጽፏል፤ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት። በእሱ ከጠየቃችሁ ሶማሌ ተራ ላይ የሌላ ሞተር ሲል ሆኖም ልኩ ሊገኝ ይችላል።

አሌክሳንድሪያ93

ሸራዎቹን ጣልኳቸው። አሁን አንገቱ ላይ ነኝ። የድሮውን የታችኛውን ቀለበት አውጥቼ አጠብኩት። በመስኮት ብርሃን ሳየው ዙሪያውን በእኩል ርቀት የተደረደሩ ትናንሽ ጎድጎዶች አሉት። እያንዳንዷ የምስር ፍሬ ታክላለች። ጥፍሬን ስጎትትበት ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላል። ባለቤቴ ያለችው ጉድጓድ ይኸው።

አዲሱን ቀለበት እንዴት ነው የማስገባው? በጣም ተጨንቆ የሚገባ ነው፤ መዶሻ ለመያዝ ፈራሁ።

የሶማሌተራ_ልጅ

መፍራትህ ጥሩ ነው። አዲሶቹን ቀለበቶች ዛሬ ማታ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ በረዶ ቤቱ ውስጥ አሳድራቸው። ጠዋት የሞተሩን አንገት በሙቅ አየር ማሽን ሞቅ አድርገው፤ እሳት አያስፈልግም። የቀዘቀዘው ይኮማተራል፣ የሞቀው ይሰፋል።

አሮጌውን ቀለበት አትጣል። የውጭ ጎኑን በወፍጮ ትንሽ አሳስተው፤ አዲሱን የምትገፋበት መሣሪያ ይሆንሃል። ያለዚያ ግን በመዶሻ የአዲሱን ፊት ትጎዳዋለህ። እኩል እኩል፣ ዙሪያውን እያዳረስክ ምታው። ጆሮህን ስጠው። እየገባ እያለ ድምፁ ድፍን ነው። መቀመጫው ላይ ሲደርስ ጥርት ብሎ ይጮኻል። ያን ጊዜ አቁም።

ግሪሱን በጣት ቀብተህ አትለፍ። መዳፍህ ላይ አንድ እፍኝ ግሪስ አድርግ። የኩሽኔታውን ሰፊ ጠርዝ ግሪሱ ላይ እየጫንክ ወደ ራስህ ሳበው። ግሪሱ በሮለሮቹ መካከል አልፎ በሌላው ወገን እንደ ትል ብቅ ብቅ ሲል ዙሪያውን ቀጥል።

አሁን ዋናው ነገር። የመመሪያው የማጥበቂያ ቁጥር የባለ ኳሱ ነው። ለሾጣጣው ከኩሽኔታው ጋር የመጣውን ወረቀት ተከተል። መጀመሪያ ጠበቅ አድርገህ መሪውን አምስት ስድስት ጊዜ ከጥግ ጥግ አዙር፤ እንዲቀመጥ። አላላው። እንደገና በልኩ አጥብቅ። የላይኛው ማቀፊያ ዳዶ ሲጠብቅ ልኩን ስለሚቀይረው የመጨረሻውን ፈተና የምታደርገው ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ነው። ጎማው በአየር ላይ እያለ መሪውን ከመሃል በጣት ንካው። በራሱ ክብደት ዝግ ብሎ ወደ ጥግ ይሂድ። ሮጦ ሄዶ ከነጠረ ላልቷል። መንገድ ላይ ከቆመ ጠብቋል።

ሐይፋ_ትራንሳልፕ

ሰላም ወንድሞቼ። እኔ የድሮ ሆንዳ ትራንሳልፕ 600 ነው የምነዳው። ውይይቱን ከመጀመሪያው ነው የተከታተልኩት፤ የመሪውን ነገር ማንም ስላልነካው ልግባበት።

ፎርቸላ ሲወጣ መሪውም፣ ካቦዎቹም፣ የፍሬን ቱቦዎቹም ከቦታቸው ይነሳሉ። ስትመልሳቸው በየት በኩል እንዳለፉ የሚያሳይ ፎቶ ከሌለህ ታጠፋለህ። እኔ አጥፍቻለሁ። የነዳጅ ካቦው ከአንገቱ ፊት ማለፍ ሲገባው ከኋላ አሳለፍኩት። መሪውን ሙሉ ወደ ግራ ስጠመዝዝ ካቦው ተስቦ ሞተሩ በራሱ ነዳጅ ወሰደ። ግቢ ውስጥ ነበርኩ፤ መንገድ ላይ ቢሆን ከመኪና ጋር ነበር የምጋጨው።

ስለዚህ ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ሞተሩን አስነሳ፣ በዜሮ ማርሽ በዝግታ ይሥራ። መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ አዙር። ድምፁ በትንሹም ቢሆን ከጨመረ ካቦው ተጨንቋል። ሳታስተካክል እንዳትወጣ።

የፍሬንና የፍሪሲዮን ዘይት ማጠራቀሚያዎቹን ማሰሪያ ተመልከተው። ሆንዳዎች ላይ «አፕ» የሚል ጽሑፍ አለው፤ እሱ ወደላይ ይሆናል። የላይኛውን ብሎን ቀድመህ ሙሉ አጥብቅ፣ ከዚያ የታችኛውን። እንደኔ ባለ አንድ ቱቦ መሪ ያላችሁ ደግሞ ቱቦው ላይ በፖንሳ የተመታች ነጥብ አለች። ከማቀፊያው መጋጠሚያ ጋር አስተካክሏት። የፊቶቹን ብሎኖች መጀመሪያ፣ የኋላዎቹን ቀጥሎ ታጠብቃላችሁ። ከኋላ ትንሽ ክፍተት ቢቀር ስህተት አይደለም።

የሚዞረውን እጀታ ጎማ ቆርጠህ አውጣው። ሥሩን በአልኮል አጽዳ፣ የእጀታ ማጣበቂያ ቀባ፣ አዲሱን በአንድ ትንፋሽ ግፋው፤ መሃል ላይ ከቆምክ ይደርቅብሃል። በነዳጅ መስጫው በኩል ማጣበቂያው ወደ ውስጥ እንዳይፈስ ተጠንቀቅ። ማታ አሳድረው። ጠዋት ሙሉ ከፍተህ ስትለቀው በራሱ ጠቅ ብሎ መመለስ አለበት።

አሌክሳንድሪያ93

እህቴ በጣም አመሰግናለሁ። የነዳጁን ነገር እኔ ብቻዬን በፍጹም አላስበውም ነበር። የመዳፌስ መደንዘዝ ከእጀታው ነው?

ሐይፋ_ትራንሳልፕ

በከፊል። የሚዞር እጀታን ሳታውቀው ጨምቀህ ነው የምትይዘው። ደግሞ መሪው እየተርገበገበብህ ለወራት ስትነዳ እጅህ መጨበጥ ለምዷል። ኩሽኔታው ከተሠራ በኋላ እጅህን ላላ ማድረግ መልሰህ ተለማመድ።

ጋሽ_አስፔንኬድ

ልጄ ሐይፋ፣ እኔ ትከሻዬን ያመኛል። መሪውን ወደ ራሴ የሚያቀርብና ከፍ የሚያደርግ መሸጋገሪያ ልገጥም አስቤ ነበር። ምን ትያለሽ?

ሐይፋ_ትራንሳልፕ

ጋሼ፣ በጣም ጥሩ ነው፤ ለትከሻዎ ይረዳዎታል። ከመግዛትዎ በፊት ግን መሪውን ሙሉ ወደ ሁለቱም ጥግ አዙረው የፍሬን ቱቦው ምን ያህል ትርፍ እንዳለው ይመልከቱ። ከተወጠረ ረዘም ያለ ቱቦ ያስፈልግዎታል። የድሮው ጎማ ቱቦ ከሆነ ደግሞ በሽቦ በተጠለፈ ቢቀይሩት ይሻላል፤ የጎማው ውስጡ በዕድሜ ያብጣል። የፍሬን ዘይቱንም በዚያው ያድሱት። ሲሠሩ ታንከሩንና ሽፋኑን በእርጥብ ፎጣ ይሸፍኑ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፤ ከነካ ወዲያው በውሃ ነው የሚታጠበው።

ጋሽ_አስፔንኬድ

ተባረኪ። ቱቦው የ1982ቱ ነው። አብሬ አዝዘዋለሁ።

አሌክሳንድሪያ93

ሦስት ቅዳሜና እሁድ ፈጀብኝ። ትናንት ጨረስኩ።

አክስሉን ስገጥም አንድ ነገር አስተዋልኩ። የጎማውን አክስል አጥብቄ፣ የፊት ፍሬኑን ይዤ ፎርቸላውን አሥር ጊዜ ያህል ተጫንኩት፤ መመሪያው ነው እንዲህ አድርግ የሚለው። ከዚያ በኋላ ነው ከታች ያሉትን ማቀፊያ ብሎኖች ያጠበቅኩት። ሳልጫነው አጥብቄው የነበረ ጊዜ ፎርቸላው እየተንገራገጨ ነበር የሚወርደው። ሁለቱ እግሮች ትይዩ ሲሆኑ እንደ ቅቤ ወረደ። እዚህ ላይ የምትቸኩሉ ካላችሁ አትቸኩሉ።

ሞተሩን አስነስቼ መሪውን ከጥግ ጥግ አዞርኩ። ድምፁ አልተለወጠም። የእጀታው ጎማ ከሥሩ ለቅቆ አይዞርም። በጣት ስነካው መሪው ዝግ ብሎ ሄዶ ጥግ ላይ ቁጭ አለ።

ከዚያ ወጣሁ። ከ50 ማይል ነዳጅ ለቅቄ፣ ሁለት እጄን መሪው ላይ አሳርፌ ግን ሳልጨብጥ፣ 45፣ 40፣ 35 እስኪሆን ጠበቅኩ። ምንም። እንደገና አደረግኩት። ምንም። መንገድ ዳር አቁሜ ለባለቤቴ ደወልኩላት።

ዛሬ ጠዋት ክሮሞቹን በነጭ ጨርቅ ጠረግኳቸው። ጨርቁ ነጭ ነው። ከ500 ማይል በኋላ አንገቱን መልሼ አያለሁ።

የሶማሌተራ_ልጅ

እጅህ ይባረክ ወንድሜ። ስታየው መጀመሪያ እንደነገርኩህ በሁለት ጣት አዙረው። ያ የድሮው ቀለበት ካልተጣለ ፎቶውን ላክልኝ፤ ጋራዥ ውስጥ ለሚማሩት ልጆች ላሳያቸው።

አሌክሳንድሪያ93

አልጣልኩትም። ማታ በመስኮቱ ብርሃን አንስቼ እልክልሃለሁ።